ቼኮቭን በዓመት ቅደም ተከተል ማንበብ፦ የሠራው መንገድና የሚያሰናክሉ ነገሮች

ሩሲያዊውን ደራሲ አንቶን ቼኮቭን ማንበብ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ዝናው ስቦት የሚያነሣው «ባለ ውሻዋ እመቤት»ን ነው። ከዚያም «ምንም ሳይፈጠር አለቀ» ብሎ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ችግሩ የመነሻው ነው። ቼኮቭ ለቀልድ መጽሔቶች መጻፍ ከጀመረበት ከ1880 እስከ ሞተበት እስከ 1904 ድረስ አጻጻፉ ደረጃ በደረጃ ተለውጧል፤ ከመጀመሪያው ተነሥቶ የመጣ አንባቢ በኋለኞቹ ሥራዎች ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሩሲያ እስከ 1918 በዩልዮስ አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር ልደቱ አንድ ቦታ ጃንዋሪ 17፣ ሌላ ቦታ ጃንዋሪ 29 ቀን 1860 ተብሎ ቢገኝ ሁለቱም ልክ ነው። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንም።)

በነፃ የሚገኘው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከ1916 እስከ 1922 በ13 ቅጽ የወጣው የኮንስታንስ ጋርኔት ነው። ቋንቋዋ ግልጽ ነው፤ ግን ቅጾቹ በዓመት አልተደረደሩም፤ የወጣትነት ሥራውና የመጨረሻ ዓመታት ሥራው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ርዕሶቹን ከነዓመታቸው በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍና በዚያ መሄድ ያስፈልጋል።

መነሻው 1883 እና 1884 ይሁን፦ «የመንግሥት ጸሐፊው ሞት»፣ «ወፍራሙና ቀጭኑ»፣ «እስስት»። እያንዳንዳቸው ከጥቂት ገጽ አያልፉም። በዚያን ጊዜ ቼኮቭ ሞስኮ ውስጥ ሕክምና እየተማረ በብዕሩ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር፤ የአባቱ የታጋንሮግ ሱቅ በ1876 ከስሮ ቤተሰቡ ከዕዳ ሸሽቶ ሞስኮ ገብቷል። «ኦስኮልኪ» የተባለው መጽሔት ደግሞ ለአንድ ታሪክ የሚሰጠው ቦታ 100 መስመር አካባቢ ብቻ ነበር። መልክዓ ምድር ለመግለጽ ቦታ የለም፤ ሰው ይገባል፣ ይናገራል፣ ያልቃል።

«እስስት»ን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ካፖርት በተጠቀሰ ቁጥር አስምሩበት። የፖሊስ ሹሙ ኦቹሜሎቭ አዲስ ካፖርቱን ለብሶ ገበያውን ያቋርጣል፤ ክሪዩኪን የሚባል አንጥረኛ ጣቱን ቡችላ ነክሶታል። ሹሙ በውሻው ባለቤት ላይ ይዝታል። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «የጄኔራሉ ውሻ ትመስላለች» ሲል ሞቀኝ ብሎ ካፖርቱን ያስወልቃል፤ ጥፋቱም የአንጥረኛው ይሆናል። አይደለችም ሲባል አንጥረኛው ተበዳይ ነው። ናት ሲባል በረደኝ ብሎ ካፖርቱን መልሶ ያስለብሳል። ወበቁና ብርዱ የሚመጡት ከአየሩ ሳይሆን ከፍርሃቱ ነው፤ ቼኮቭ ግን «ፈራ» የሚል ቃል አልጻፈም። ይህን ዘዴ እዚህ ያየ ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ በተጻፉትም ውስጥ አያጣውም።

በዚህ ደረጃ ሁለት ነገር ያሰናክላል። አንደኛው ስም ነው፤ አንድ ሰው በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በቤተሰብ ስምና በቁልምጫ ይጠራል። ለዕልባት በምትጠቀሙበት ወረቀት ላይ የአንዱን ሰው ስሞች ሁሉ በአንድ መስመር ጻፏቸው። ሁለተኛው ማዕረግ ነው። የመንግሥት ሹመት 14 እርከን ነበረው፤ ላይኛው 1ኛ ነው። በ«ወፍራሙና ቀጭኑ» ቀጭኑ 8ኛ እርከን ላይ ነው፣ ወፍራሙ 3ኛ። ይህ ካልታወቀ ቀጭኑ የልጅነት ጓደኛውን በድንገት «ክቡርነትዎ» እያለ ሲሽቆጠቆጥ ምክንያቱ አይገባም።

ከዚያ 1886፦ «ሐዘን» እና «ቫንካ»። በዚያው ዓመት አንጋፋው ደራሲ ግሪጎሮቪች ተሰጥኦህን አታባክን ብሎ ጻፈለት። በ1888 ረጅሙ «ስቴፕ» ወጣ፤ በዚያው ዓመት ቼኮቭ ቀደም ብሎ ላሳተመው የታሪክ ስብስብ የፑሽኪንን ሽልማት ግማሽ፣ 500 ሩብል አገኘ። «ስቴፕ» የሚከብዳችሁ ከሆነ ለጊዜው እለፉት።

በ1890 ዳር እስከ ዳር የሚያቋርጣት የባቡር ሐዲድ ባልነበረባት ሳይቤሪያ አድርጎ የግዞተኞች ደሴት ወደሆነችው ሳካሊን ሄደ፤ ሦስት ወር ያህል ተቀምጦ ነዋሪዎቹን በካርድ መዘገበ። በመልሱ፣ ወደ ሲንጋፖር ሲጓዙ፣ ከመርከቡ ሁለት አስከሬኖች ወደ ባሕር ተጥለዋል። «ጉሴቭ»ን ከዚህ ጋር አንብቡ። ሐኪሙ በራሱ ሆስፒታል የሚታሰርበት «ክፍል ቁጥር 6» (1892) ይከተላል። የ1894ቱ «ተማሪው» አራት ገጽ ገደማ ነው፤ በስቅለት ዕለት አንድ የሃይማኖት ተማሪ ርቦትና በርዶት እሳት ዳር ለሁለት ሴቶች የጴጥሮስን ክህደት ያወራል። የሰሙነ ሕማማትን ጾም የሚያውቅ አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ ቤት ውስጥ ለምን ምግብ እንዳልተሠራ ወዲያው ይገባዋል።

በጣም ልትቆዩበት የሚገባው «ኢዮኒች» (1898) ነው። አምስት ክፍል አለው፤ በወረቀት ላይ ለየክፍሉ መስመር አውጡና ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ዶክተር ስታርትሴቭ በምን ይሄዳል? ገንዘቡስ? እየሄደ በሚጠይቃቸው በቱርኪን ቤተሰብ ቤትስ ምን ይባላል? በ1ኛው በእግሩ ነው፤ ዘጠኝ ቨርስት፣ ወደ 10 ኪሎሜትር ገደማ፣ ተጉዞ ድካም አይሰማውም። በ2ኛው ሁለት ፈረሶችና ባለ ከፋይ ሰደርያ ነጂ አለው። በ4ኛው ሦስት ፈረስ ከነቃጭሉ፤ እሱ ግን ወፍሮ መራመድ ያስተነፍሰዋል። ማታ ማታ ደስታው ከየኪሱ የሚያወጣቸውን ቢጫና አረንጓዴ ኖቶች መቁጠር ነው፤ ሽቶ፣ ኮምጣጤ፣ ዕጣንና የዓሣ ዘይት ይሸታሉ፤ አንዳንዴ 70 ሩብል ያህል ይሆናሉ። ሽታዎቹን ልብ በሉ፤ ከየትኛው በሽተኛ ቤት እንደመጡ አፍንጫ ይለያቸዋል። በሦስተኛው ጥያቄ፣ በቱርኪኖች ቤት፣ ግን ምንም አይለወጥም፦ ባልየው ያንኑ ቀልድ ይደግማል፣ ሚስቲቱ ልቦለዷን ታነባለች፣ ትንሹ አሽከር ፓቫ ጢም አብቅሎም እጁን ዘርግቶ «ሙች፣ አንቺ ዕድለ ቢስ!» ይላል። ሠንጠረዡ ሲሞላ «ምንም አልተፈጠረም» የሚለው ቅሬታ ይጠፋል።

«ባለ ውሻዋ እመቤት» (1899) የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ለሁለቱ ሰዎች የከበደው ነገር ገና መጀመሩ እንደሆነ ተነግሮ ይቆማል።

ተውኔቶቹን ለብቻ በዝምታ ማንበብ ብዙ አይጠቅምም። «ሲጋል» በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ወድቆ በ1898 መጨረሻ በሞስኮ አርት ቴያትር የተሳካለት ስክሪፕቱ ተለውጦ ሳይሆን አዘጋጁና ተዋንያኑ ተለውጠው ነው። ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ «ዝምታ» የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ የሚቀጥለው ተናጋሪ በልቡ እስከ ሦስት ይቁጠር።