ማዳበሪያው አንድ፣ ማሳው ግን ሦስት

በቆሎ የተዘራበትን ተዳፋት ማሳ ከግርጌው ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው፣ ዘሩም ማዳበሪያውም የዘር ቀኑም አንድ ሆኖ ሳለ አገዳው ወደ ላይ እያጠረና እየቀጠነ ሲሄድ ያስተውላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሰጠው «ለላይኛው ክፍል ዩሪያ ጨምሩለት» የሚል ምክር እጅግ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የላይኛው በቆሎ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ከማዳበሪያው ይልቅ በውኃና በአፈር ጥልቀት ማነስ ነው።

በተዳፋት ላይ የሚጥል ዝናብ ወደ አፈሩ በቂ ሳይሰርግ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ለሙንም የላይኛውን አፈር ጠርጎ ይወርዳል። በ100 ሜትር አግድም ርቀት 10 ሜትር የሚያዘቀዝቅ፣ ማለትም የ10 በመቶ ተዳፋት የሆነ ማሳ ቁልቁል ከታረሰ እያንዳንዱ ትልም የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይታጠባል፤ ተክሉ ከአፈር የሚስበው የናይትሮጅን ዓይነት የሆነው ናይትሬት ደግሞ በውኃ ሟሙቶ ይሄዳል። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያም አፈር ሳይለብስ ከቀረ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል።

ግርጌው ታጥቦ የመጣውን አፈርና እርጥበት ስለሚያገኝ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ከሁሉም የተሻለ ያፈራል። ዝናብ ሲበዛ ግን ውኃ ይተኛበታል፤ አየር ባጣው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንም ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል፣ በቆሎውም ማዳበሪያ ተሰጥቶት እያለ ቢጫ ይሆናል። (ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ መሃለኛውን ጅማት እየተከተለ የሚገባ ቢጫነት የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ነው።)

ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ውኃውን በቦታው ማስቀረት ይመስለኛል፦ ተዳፋቱን አግድም ማረስ፣ የሰብሉን ተረፈ ምርት በማሳው ላይ መተው፣ ቁልቁለቱ በበረታበት እርከን መሥራት። ፎስፈረሱ በዘር ወቅት ከሥሩ አጠገብ ይቀበር፤ ዩሪያው ግን ተከፍሎ አብዛኛው የበቆሎው ቁመት ጉልበት ሲደርስ ይሰጥ፣ ምክንያቱም ናይትሮጅንን በፍጥነት የሚስበው ከዚያ አንሥቶ ጸጉር እስኪያወጣ ድረስ ነው።

መጠኑን ለመወሰንም የላዩን፣ የመካከሉንና የግርጌውን ምርት ለየብቻ መመዘን ያስፈልጋል። አንድ ቶን የበቆሎ ፍሬ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይዞ ከማሳ ስለሚወጣ፣ ሦስቱ ክፍሎች የሰጡት ምርት ከተለያየ የሚተካላቸውም መጠን እንደዚያው ይለያያል።