ከወገባቸው በታች የደነዘዙት አባታችን ቆመው ሄዱ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኛ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ባለ የጸሎት ኅብረት ውስጥ ያለን የጤና ባለሙያዎች ነን። እግዚአብሔር ለአንድ አባታችን ያደረገውን ልንመሰክር ወደድን። «ሌላው ሰው እንዳይዘገይ ዝርዝሩን ጻፉት» ብለው የፈቀዱት እሳቸው ናቸው።

ሕመማቸው የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከብቦ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ተራ እብጠት ቧንቧው አጠገብ ስለሚጀምር ሽንት ቶሎ ያስቸግራል። ካንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዕጢው ውጫዊ ክፍል ስለሆነ ሽንት ሳይከለክልና ሳያም ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። የአባታችንም ሽንት ደህና ነበር፤ የቀደመው የወገብ ሕመም ነው። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው ኩላሊት። ወጌሻ ያሻቸው ያሉም ነበሩ፤ ካንሰር የገባበት አከርካሪ ሲታሽ ሊሰበር ስለሚችል ያ አለመሆኑ ራሱ የጌታ ጥበቃ ነው እንላለን።

ለምን ወገብ? ይህ ካንሰር ከሁሉ በላይ አጥንት ይወዳል፤ አከርካሪን፣ ዳሌን፣ የጎድን አጥንትንና ጭንን። አንዱ ምክንያት ከዳሌ የሚነሡት ደም መላሾች በአከርካሪ ዙሪያ ካሉት ጋር መያያዛቸው ነው። እነዚያ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ስለሌላቸው ደሙ ከካንሰሩ ሕዋሳት ጋር ወደ አከርካሪ ሊገፋ ይችላል። በዳሌ ንፍፊቶች በኩል ሲሰራጭ እግር ያብጣል። ከኩላሊት የሚወርዱትን ቧንቧዎች ሲዘጋ ደግሞ ኩላሊት ይደክማል፤ ይህ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ክሬቲኒን በተባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ነው። መቅኔን ሲይዝ የደም ማነስ ያመጣል።

የአባታችን ሕመም ሌሊት ሲተኙ ይብስ ነበር፤ የዲስክ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍት ይቀላል። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ መቀመጫቸው ደነዘዘ፣ በመጨረሻ ሽንት ቆመ። ይህ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ሲጨፈለቅ የሚታይ ምልክት ነው፤ ቀጠሮ የሚያዝለት አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬድበት ነው። ሕክምናው ሲጀመር አሁንም የሚራመድ ሰው መራመዱን የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እግሩ ጨርሶ የከዳው ግን ብዙ ጊዜ አይመለስለትም።

የእሳቸው እግር ጣት ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ዕጢያቸው በጣት ሲመረመር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተገኘ፣ ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ከ100 በላይ ወጣ፣ ኤምአርአይ የተጨፈለቀውን ቦታ አሳየ። በነርቩ ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞን 16 ሚሊ ግራም ወዲያው ተሰጣቸው፣ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ (ካቴተር) ገባላቸው። ካንሰሩን የሚመግበውን የወንድ ሆርሞን መቁረጥ ቀጣዩ ነበር። በየ3 ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ብቻውን ቢሰጥ የተጨፈለቀውን ነርቭ ሊያብሰው ይችላል። የዘር ፍሬ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ግን ሆርሞኑን በሰዓታት ውስጥ ይጥለዋል።

ለአንድ አባት ይህ ከባድ ቃል ነው። «አይሆንም፣ እንዲሁ ልሙት» አሉ። ያን ሌሊት ኅብረቱ ሳይተኛ ጸለየ። የለመንነው ሁለት ነገር ነበር፤ ልባቸው እንዲያርፍና እግራቸው እንዲመለስ። ሲነጋ ልጆቻቸውን ጠርተው «ጌታ ሰላም ሰጥቶኛል፣ ፈርሙልኝ» አሉ። ክብር ለስሙ ይሁን! በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፣ ከዚያም ለጨረር ወደ አዲስ አበባ ተላኩ።

መጀመሪያ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ቀጥሎ በዎከር ቆሙ፣ ካቴተሩም ወጣ። አሁን በከዘራ ብቻ እየሄዱ ጉባኤ ይመጣሉ። ካንሰሩ ከአጥንታቸው ጠፍቷል አንልም፤ ፒኤስኤ ወርዷል፣ ክትትሉም አልተቋረጠም። ይህ ካንሰር ከጊዜ በኋላ ሆርሞን ቢቆረጥበትም ሊነሣ ስለሚችል፣ ፒኤስኤያቸው ዝቅ እንዳለ እንዲቆይ አብራችሁን ጸልዩላቸው።