ቀብዱን ይዘን ተመለስን

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለሁለት መኝታ ልናይ ሄድን። ማታ በስልክ የተነገረን ዋጋ ሌላ፣ ጠዋት በር ላይ የጠበቀን ሌላ። በአንድ ሌሊት 300 ሺህ ብር ጨምሯል! ደላላው "ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው፣ ቶሎ ወስኑ" እያለ ያጣድፈናል። የእኔ ዓይን ግን መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቀረ። ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ውኃ ቀለሙን አሳብጦታል። ባለቤቴ በጣቷ ስትነካው እጇ ላይ ፈረሰ።

መሥራትስ? ሱሉልታ ትንሽ ቦታ አይተናል። ግን በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፌሮው፣ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚቀመስ አይደለም። መሠረት አውጥተው ብሎኬቱ ላይ ሣር የበቀለባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ኪራይም ይከፍላሉ፣ ግንባታም ይገፋሉ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ልቤ ወደ መግዛቱ ያደላል።

ግን በጥድፊያ አይሆንም። የዕጣ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። በውክልና ብቻ ተሽጦ ስም ሳይዞር የቀረ ስንት አለ! "የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይምጣልን" ስል ደላላው ዝም አለ። ሻጯ ግን ደግ ሴት ናቸው፣ "ልክ ነህ ልጄ" አሉኝ። ሰኞ አብረን ክፍለ ከተማ እንሄዳለን።