ሬዲዮ ሁሉ አንድ ዘፈን የለቀቀ ቀን

አሜሪካ ውስጥ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስል፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለተራቡት እርዳታ ማሰባሰቢያ የተዘፈነውን «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ያንጎራጉሩልኛል። ለደግነት ነው። እኔን ግን ያበግነኛል፤ ያገሬ ሰው ከዚያ ወዲህ እህል ያልቀመሰ ይመስል።

የዘፈኑን ሐሳብ ያመነጨው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ጻፉት። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብዙዎቹ ዘፋኞች ከሽልማት ዝግጅት ወጥተው ስቱዲዮ ገቡ፤ እዚያው ነጋባቸው። ኋላ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ፣ 4 የግራሚ ሙዚቃ ሽልማትም ወሰደ።

የገረመኝ ግን የሬዲዮው ነገር ነው። በፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት በሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይህንኑ ዘፈን ለቀቁ። የኛ ስቅለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ሳሰላው ግን መጋቢት 27 ሆኖ አገኘሁት! የዓመቱ መድኃኔዓለም፣ ጥንተ ስቅለት። አዘጋጆቹ ይህን አስበውት ነው ብዬ አላምንም።

ለእረፍት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስገባ አጎቴን ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ እዚህ ሬዲዮ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ! የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤት። ባትሪው ደክሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ሲሞቅ ትንሽ ያወራና ዜናው ሳያልቅ ጭጭ ይላል።»

ባናቸውን ሳብ አድርገው ወደ እርዳታ ስንዴው ወሬ ገቡ። በየት በኩል እንደመጣ፣ ማን እንደሰፈረው፣ የማን አህያ ዳገቱ ላይ እንደወደቀች፣ አንዱም አልጠፋቸውም። ከስንዴው ጋር ዘፈን መኖሩን ግን የነገራቸው የለም።

ስልኬ ላይ ከፈትኩላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሬይ ቻርልስን ሲያዩ «እኒህ ዓይነ ሥውር ሰውዬ ይችሉበታል» አሉ። ለሌሎቹ ፊት አልሰጧቸውም፤ ማይክል ጃክሰንንም ጭምር።

«ለመሆኑ ስለኛ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ግጥሙን እያቆምኩ ተረጎምኩላቸው። ኢትዮጵያ የሚል የለበትም። አፍሪካ የሚልም የለበትም።

«ታዲያ እነዚያ የሥራ ጓደኞችህ የኛ መሆኑን በምን አወቁ?»