የኤቴል ስማይዝ ቅዳሴ ኳየራችን ድረስ እንዴት መጣ

ለንደን ውስጥ በአንድ የሰፈር ኳየር አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ እዘምራለሁ። ሙያተኞች አይደለንም። አስተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ እንደኔ ሆስፒታል የሚሠራም አለ። በሳምንት አንድ ማታ እንለማመዳለን፣ በዓመት ጥቂት ኮንሰርት እናቀርባለን። የምንዘምረው ግን ሁሌ ያው ነበር፤ ሞዛርት፣ ሄንድል፣ ፎሬ። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ቢሆንም ኳየሩን የሞላነው ሴቶች ሆነን የሴት ድርሰት ዘምረን አለማወቃችን ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዛዊቷን አቀናባሪ የኤቴል ስማይዝን ቅዳሴ፣ የቅዳሴው ቃል በኳየርና በኦርኬስትራ የሚዘመርበትን ድርሰት፣ እንድንዘምር ሀሳብ አቀረብኩ። በመጨረሻም ዘመርነው። እንዴት እንደተሳካ ልጻፍላችሁ፤ በምትዘምሩበት ቦታ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስማይዝ በ1858 እንግሊዝ አገር ተወለደች። አባቷ ጄኔራል ነበር። ሙዚቃ ለመማር ጀርመን ልሂድ ስትለው አይሆንም አለ። እሷም ክፍሏን ቆልፋ ተቀመጠች። በ1877 አባትየው ተሸንፎ ወደ ላይፕዚግ ሸኛት። የኮንሰርቫቶሪው፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ስላላረካት ቶሎ ትታው ወጣች፤ ከዚያ ከአቀናባሪው ሃይንሪክ ፎን ሄርጾገንበርግ ዘንድ በግሏ ተማረች። ብራምስን፣ ክላራ ሹማንን፣ ቻይኮቭስኪን የተዋወቀችው በነዚያ ዓመታት ነው።

ቅዳሴዋን የጻፈችው በ1891 ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ትልቅ ኳየር፣ ሙሉ ኦርኬስትራና አራት ሶሎ (ለብቻቸው የሚዘምሩ) ዘማሪዎች ይፈልጋል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ይሄን ሁሉ ሰው ለአንዲት ስሟ ላልታወቀ ሴት ማን ይሰበስብላታል? ስማይዝ ግን ኖታውን በፖስታ ልካ መልስ አልጠበቀችም። ጎረቤቷ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የነበሩት የናፖሊዮን ሦስተኛ ባለቤት እቴጌ ዩዤኒ ነበሩ። እሳቸው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘንድ፣ ስኮትላንድ ያለው ባልሞራል ቤተ መንግሥት ድረስ አስገቧት። እዚያ ፒያኖ ላይ ቁጭ ብላ ቅዳሴውን ራሷ ተጫወተችው። የኳየሩንም የሶሎውንም ድምፅ በራሷ ጉሮሮ ዘመረችው፤ ከበሮውን በእግሯ መታችው።

ጥር 18 ቀን 1893 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል፣ ሮያል ኮራል ሶሳይቲ በተባለው ኳየር፣ በጆሴፍ ባርንቢ መሪነት ተዘመረ። ሕዝቡ በደንብ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሴውን ውሃ በላው። እንደገና የተሰማው በ1924 በርሚንግሃም ውስጥ፣ በኤድሪያን ቦልት መሪነት ነው። 31 ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ይሄ 31 ዓመት ነው። ሥዕል አንዴ ከተሣለ ግድግዳ ላይ ይቆያል። የኳየር ድርሰት ግን ሰዎች ተሰብስበው ካልተለማመዱት የለም። ስማይዝን ያስቸገራት ድርሰቱን መጻፉ ሳይሆን በየጊዜው የሚዘምረው ሰው ማግኘቱ ነበር። ከኦፔራዎቿ አንዱ በ1903 ኒው ዮርክ ውስጥ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ታይቷል። በዚያ ቤት ቀጥሎ የሴት ኦፔራ የቀረበው በ2016 ነው። ጥሩ ሥራ በራሱ ጊዜ ይታወቃል የሚሉ ሰዎች ይሄን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ወደ እኛ ኳየር ልመለስ። ኮሚቴ ፊት ከመቅረቤ በፊት የገንዘቡን ነገር አጠናሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ እንደሚሆን አውቃለሁ። ስማይዝ ያረፈችው በ1944 ነው። እዚህ አገር የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ ሥራዎቿ ከ2015 ጀምሮ ነፃ ናቸው። የዘማሪዎቹ ኖታ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ኦርኬስትራ አቅማችን አይደለም። በዘማሪዎቹ ኖታ ላይ ግን ኦርኬስትራው ለፒያኖ ተጨምቆ ተጽፏል። በኦርጋንና በፒያኖ እናቅርበው አልኩ። ይሄን በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤ ገባሁ።

ያም ሆኖ ትልቁን ሥራ አስቀድሜ አልጠየቅኩም። የማርች 8 ዝግጅት ደርሶ ስለነበር «የሴቶች ማርሽ» የተባለውን አጭር መዝሙሯን እንዘምር አልኩ። ስማይዝ ያን ያቀናበረችው የመምረጥ መብት ለሚጠይቁት ሴቶች ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው በ1911 ነው። በ1912 የአንድ ሚኒስትር መስኮት በድንጋይ ሰብራ ሆሎዌይ እስር ቤት ገባች። የሙዚቃ መሪው ቶማስ ቢቻም ሊጠይቃት ሲሄድ እስረኞቹ ግቢ ውስጥ እየተራመዱ ማርሹን ይዘምራሉ። እሷ ደግሞ ከላይ በመስኮት ብቅ ብላ በጥርስ ብሩሽ ትመራቸዋለች። እስር ቤቱ በ2016 ተዘግቷል። አውቶቡሴ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ። ይሄን ታሪክ ለኳየሩ ነገርኳቸው። ማርሹ ለመያዝ ቀላል ነው፤ በአንድ ድምፅም ይሄዳል። ሰው ወደደው። ከልምምድ በኋላ «የሴትዮዋ ሌላ ሥራ የለም?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም የምጠብቀው እሱን ነበር።

ከዚያ መሪያችንን ማሳመን ቀረ። ፒያኖ አልችልም። ስለዚህ ከሶፕራኖ፣ ማለትም ከከፍተኛው የሴቶች ድምፅ፣ እና ከአልቶ ጓደኞቼን አሰባስቤ ቤኔዲክቱስ የተባለውን የቅዳሴውን ክፍል በግል ተለማመድን፤ ኳየሩ ውስጥ የሚዘምሩት ሴቶች ብቻ የሆኑበት ክፍል ነው። አንድ ማታ ሰው ሲበተን «አምስት ደቂቃ ስጠን» ብለን ዘመርንለት። መሪያችን ኖታውን ከእጄ ተቀብሎ ቆሞ ማገላበጥ ጀመረ። የባልሞራሉን ታሪክ ባላነብ ኖሮ በኢሜይል ነበር የምጠይቀው። ሥራችሁን ሰው እንዲቀበልላችሁ ከፈለጋችሁ በጆሮው አስገቡለት፤ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ስለ አጠናኑ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁሉም በአንድ ዜማ። አራት ድምፅ ተከፋፍሎ የራስን መስመር ይዞ መቆም ሌላ ሙያ ነው። ሶፕራኖዎቹ አጠገቤ ዋናውን ዜማ ሲያንቆረቁሩት ጆሮዬ ወደነሱ ይሄዳል። የረዳኝ ዘዴ ይሄ ነው። የአልቶውን መስመር ብቻ አንዷ ጓደኛዬ በፒያኖ እየመታች ስልኬ ላይ ቀዳሁት። መንገድ ላይ ደጋግሜ ሰማሁት። ዜማውን ከመያዜ በፊት ቃሉን በምቱ ልክ እያወራሁ አጠናሁ። ከዚያ በየመግቢያችን የመጀመሪያውን ድምፅ ከማን እንደምወስድ በእርሳስ ጻፍኩ። አንዱ ጋ «ከቴነር»፣ ሌላው ጋ «ከኦርጋኑ»። ኖታ አንብባችሁ ባታውቁም ይሄ ይሠራል።

ቃሉ ብዙ አላስቸገረኝም። የመጀመሪያው ክፍል ኪርያላይሶን ነው፤ በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን የምንለው። ሳንክቱስ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ነው። ክሬዶው ጸሎተ ሃይማኖት ነው። የማላውቀው አገር የሄድኩ አልመሰለኝም። ኪርያላይሶኑ ሲጀምር ባሶቹ፣ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ ከታች፣ በጣም ዝግ ብለው ይገባሉ። ሌሎቹ ድምፆች ይደረባሉ። ቀስ በቀስ ያድግና አዳራሹን ይሞላል፤ ከዚያ ተመልሶ ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ ትንፋሽ ያልቃል። ሁላችንም አንድ ቦታ ከተነፈስን ድምፁ ይቆረጣል። ስለዚህ ከጎኔ ካሉት ጋር ተነጋገርን፤ አንቺ እዚህ፣ እኔ እዚያ እያልን ተራ በተራ መተንፈስ ጀመርን።

ግሎሪያውም፣ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም» የሚለው ክፍል፣ የራሱ ጣጣ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከኪርያላይሶን ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ስማይዝ ግን በስተመጨረሻ እንዲዘመር ፈለገች፤ ሥራው በደስታ እንዲያልቅ። እኛም ቃሏን አከበርን። ችግሩ፣ ከፍተኛው ድምፅ የሚጠየቀው ሁሉም ሰው ሲደክም ነው። መሪያችን መላ አመጣ፤ ልምምዱን ከግሎሪያ አስጀመረን። ጉሮሮ ትኩስ እያለ ከባዱን ያዝን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። የኮንሰርቱ ለት የሚመጣውን ስለምናውቅ ቀደም ባሉት ክፍሎች ድምፃችንን ቆጠብን። ግሎሪያው ሲደርስ የአልቶው ረድፍ ቀጥ ብሎ ነው የተቀበለው። በዚያ በጣም እኮራለሁ።

በኋላ ዎኪንግ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሄጄ በ2022 የቆመላትን ሐውልት አየሁ። እጇን ዘርግታ ሙዚቃ ስትመራ ነው የተሠራችው።

በስተርጅና ጆሮዋ ከዳት። ቢሆንም ለኳየርና ለኦርኬስትራ የጻፈችውን «እስር ቤቱ» የተባለውን የመጨረሻ ትልቅ ሥራዋን በ1931 ኤድንብራ ውስጥ ራሷ መራችው። 72 ዓመቷ ነበር። ያ ሥራ ተቀድቶ በ2021 ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። ለኮሚቴው ቀጥዬ ያቀረብኩት እሱን ነው። ሁለት ሶሎ ዘማሪ ይፈልጋል፤ ይሄኛውን በፒያኖ ብቻ ማድረግ አልፈልግም። ስለዚህ አሁን ለኦርኬስትራው ገንዘብ ከየት እንደምናመጣ እያሰላን ነው።