ቲ ሴልን በክራር ማስተማር

ደሴ ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ላይ ስንደርስ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባለው፣ ጂን የሚያሠራና የሚያስቆም ፕሮቲን፣ ያንገላታናል። ስሞቹን ሸምድደው ይመጣሉ። "ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?" ስትላቸው ግን ጭጭ!

ዘንድሮ ከክራር ጀመርኩ። ወሎ ተወልዶ ቅኝት እንግዳ የሚሆንበት የለም። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ከዚያው ክር ነው የሚወጡት፤ የሚለየው አወጣጠሩ ነው። ረዳት ቲ ሴልም፣ ማለትም ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚያስተባብረው ነጭ የደም ሴል፣ ዲኤንኤው ያው ነው። ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮቹ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቀው አንዱን ጂን ያሠሩታል፣ ሌላውን ዝም ያሰኙታል። ቲ-ቤት የሚባለው ፋክተር ሲያይል ሴሉ ሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ጀርም ላይ ይዘምታል። ጋታ3 ከሆነ የሆድ ትላትል ላይ፣ ሮር-ጋማ-ቲ ከሆነ ፈንገስ ላይ። ፎክስፒ3 ደግሞ ሌሎቹን የሚያበርድ ሴል ያወጣል።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። ክራሩን የሚቃኘው ሰው ነው። ሴሉ ግን በአካባቢው በሚደርሰው ሳይቶካይን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) እየተመራ ራሱን ይቃኛል፤ ሁለት ፋክተር አደባልቆ የሚይዝበት ጊዜም አለ።

ክፍሉ የነቃው ግን በሽታ ስናነሳ ነው። የፎክስፒ3 ጂን ሲበላሽ ሕፃናት፣ በተለይ ወንዶች፣ በተቅማጥ፣ በስኳርና በቆዳ ሕመም ይሠቃያሉ፤ መከላከያቸው ገዛ አካላቸውን ያጠቃል። ጂኑን ያገኙት ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስደል፣ ከሺሞን ሳካጉቺ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቤል ተሸልመዋል። አሁን ሁሉንም ፋክተር የማስተምረው "ቢጠፋስ ምን ይመጣል?" ብዬ ነው። ሥዕላዊ መግለጫው ይቆየን!

አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ካንሰር የያዘው ሰው ላይ እነዚህን አብራጆች ብናጠፋቸውስ?" አለች። ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። ብዙ ዕጢዎች አብራጆቹን ዙሪያቸው ሰብስበው ካንሰሩን የሚገድሉትን ገዳይ ቲ ሴሎች ያዳክማሉ። ግን ከመላው ሰውነት ከጠፉ እንደ ሕፃናቱ መሆን ይመጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ዕጢው ውስጥ ያሉትን ብቻ ለይቶ መምታት ነው።

ቶክስ የሚባለው ፋክተር ደግሞ ይብሳል። ከዕጢ ጋር ረጅም ጊዜ የተፋጠጡ ገዳይ ቲ ሴሎች ይዝላሉ፤ ከዝለቱ ጀርባ ያለው ቶክስ ነው። እናጥፋዋ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች ያሳዩት ግን ቶክስ ሲወገድ ሴሎቹ ዕድሜ እንደማይኖራቸው ነው። ለምን እንደሆነ ለቀጣዩ ሳምንት አስበው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ።