ሁለት መለኪያ

የታካሚ መቀበያ ቅጹ ላይ «አልኮል ይጠጣሉ?» የሚል መስመር አለ። ሰኞ ጠዋት ለቡአ ቀዶ ሕክምና የገቡትን የሂሳብ ሠራተኛ ስጠይቃቸው ሚስታቸው በቀኝ፣ ታላቅ ወንድማቸው በግራ ቆመው ነበር። «ኧረ በፍጹም!» አሉ ወንድማቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም «አይጠጡም» ብዬ ሞላሁ። ዓመታት ቢያልፉም ያቺ ቃል በእጅ ጽሑፌ መስፈሯ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አዳሩም የእኔ ተራ ነበር። ፒያሳ ጭር ብላለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳያቸው አንሶላቸው በላብ ርሷል። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆው ከጥርሳቸው ጋር እየተጋጨ ተንቀጫቀጨ። የልብ ምታቸው 128 ነው፤ ትኩሳት የለም፤ ፋሻው ንጹሕ ነው። ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስኩት። ቻርቱን ገለጠና «አይጠጡም ይላል። የኦፕሬሽን ጭንቀት ነው፤ አጫውቻቸው» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አይዞሽ ሲስተር፣ የለመድኩት ነው» አሉኝ፣ እኔ የታመምኩ ይመስል።

«ምኑን ጋሼ?»

«ፍርሃቱን። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ስቆም እንዲህ ያደርገኛል። ሪፖርት የማቀርብ ቀንማ አይጣል ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ያደርጋሉ?»

በሩን አዩ። ሚስታቸው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝተዋል።

«ሁለት መለኪያ አረቄ።»

«ስብሰባ በሌለበት ቀንስ?»

ጣራውን እያዩ ብዙ ቆዩ። «ልጄ፣ አሁን እኮ ስብሰባ የሌለበት ቀን የለም።»

የመጨረሻውን የቀመሱት እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር፤ ኦፕሬሽኑን ፈርተው። ቆጠርኩ፤ 28 ሰዓት። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንዘፍዘፍ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ መቃዠቱ የሚበረታው ደግሞ ከዚያ በኋላ። ሐኪሙን ዳግመኛ ስቀሰቅሰው ድምፄን አልቀነስኩም። ማረጋጊያው ዲያዜፓም ታዘዘ፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን የተባለው ቫይታሚን እንዲሰጥ አሳሰብኩ። ሊነጋጋ ሲል እጃቸው ረጋ።

ጠዋት በርክክቡ ላይ ሐኪሙ «ጥርጣሬ አድሮብኝ ታሪኩን ደግሜ ጠየቅሁ» ብሎ አቀረበው። ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ጭንቀት ነው ማለቱ ግን ውሸት አልነበረም። ሰው ፊት የመቆም ፍርሃት ብዙውን ጊዜ ከመጠጡ በፊት የነበረ ነው። አልኮል ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ያግዛል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ያፍናል፤ ለዚያች ምሽት በእርግጥም ያሳርፋል። አንጎል ግን ይለምዳል። የራሱን ፍሬን ያላላል፤ ነዳጁን ይጨምራል። መለኪያው የቀረ ዕለት ሰውየው በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ይሆናል፤ ፍርሃቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ እሱን ለማብረድ ደግሞ ሌላ መለኪያ። ለዚህ ነው መጠጡን ብቻ አስጥሎ ፍርሃቱን ሳያክሙ መሸኘት የማያዋጣው። የትኛው ፍርሃት የቆየ፣ የትኛው መጠጡ ያመጣው እንደሆነ የሚለየው ካቆሙ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲወጡ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ተጻፈላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን ስሞላ ቤተሰብ ከክፍሉ እንዲወጣ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። ብቻ በዚያው በርክክቡ ቀን ሚስታቸው መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አግኝቻቸው፣ ሌሊት የሆነውን ልነግራቸው ቃል ስፈልግ ቀደሙኝ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሰኞም አጠገብሽ ቆሜ ነበር፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»